አምጣ፣ አምጪ

እንጀራዬ ወረቀት ነው። ጅማ ውስጥ፣ ከመንግሥት ቢሮዎች ብዙ ሳይርቅ፣ ጠባብ ቤት ተከራይቼ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ሲፈልግ የሚሠራ አንድ ኮፒ ማሽን፣ ለደንበኛ ደግሞ ሦስት የጅማ በርጩማ አለኝ። ሕግ ተምሬ ነበር፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ በቤተሰብ ጉዳይ አቋረጥኩ። ሰፈሩ ግን እስካሁን “ጠበቃው” ይለኛል። ጠበቃ አይደለሁም። ጠበቃ ብሆን ሰው በርጩማ ላይ አላስቀምጥም ነበር።

እዚህ ቤት በቀን ከምሰማቸው ቃላት አንደኛ የምትወጣው “አምጣ” ናት። ለሴት “አምጪ”፣ ለሽማግሌ “ያምጡ”። መታወቂያ አምጣ። መሸኛ አምጣ። ሦስት ምስክር አምጣ። ከድሮው ቀበሌህ አጽፈህ አምጣ። ሰው ከቢሮ ሲወጣ ፊቱን አይቼ ምን አምጣ እንደተባለ እገምታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ያመላልሳል፣ ያናድዳል፣ በመጨረሻ ያልቃል።

ባለፈው ክረምት ግን ሊመጣ የማይችል ነገር አምጪ የተባለች ሴት መጣች።

ዝናቡ ያወርደዋል። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቆሟል። አንዲት ወጣት እናት አምስት ዓመት የሚሆነው ልጇን ይዛ ገባች። ልጁ በርጩማው ላይ ሳይሆን ሥሩ ተቀመጠ፤ ሦስቱን እግሮች እየቆጠረ በዐረብኛ ያወራል። እናቱ በኦሮምኛ ትመልስለታለች። ሁለቱም ይግባባሉ።

“ወንድሜ፣ ልደት ካርድ አልሰጥም አሉኝ” አለችኝ።

“ለምን?”

“ከተወለደበት አገር ማስረጃ አምጪ ነው የሚሉት።”

የተወለደው ቤሩት ነው። ከጅማ ዙሪያ ወረዳዎች ዐረብ አገር ሄደው በሰው ቤት ሠራተኝነት የሚያገለግሉ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ እሷም አንዷ ነበረች። እዚያ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪ ጋር የታሰረ ነው። ከአሠሪሽ ቤት ከወጣሽ ፈቃዱም አብሮ ይቀራል። እሷ ወጥታለች። ለምን እንደወጣች አልጠየቅኳትም፤ የእጇን ጠባሳ አይቻለሁ። ልጁ ሲመጣ ያለ ወረቀት ነበረች። ሆስፒታል ብትሄድ ይይዙኛል ብላ ፈራች። ያዋለደቻት አብራት የምትኖር የወሎ ልጅ ናት። አባትየው የሌላ አገር ሰው ነው፤ ልጁ ሳይወለድ ጠፋ። ወደ አገር ቤት የተመለሱት በሊሴ ፓሴ ነው። አንድ ጉዞ የምታገለግለዋን ወረቀት ኤርፖርት ተቀብለዋት እጇ ላይ የቀረው ፎቶ ኮፒው ብቻ ነው። እሱም ዝናብ ነክቶታል።

“ቤሩት ማን ይሰጠኛል? እኔንም አያውቁኝ።”

እውነቷን ነው። ሊባኖስ ይህን ልጅ አልመዘገበችውም። እዚያ ዜግነት የሚወረሰው በአባት በኩል ነው፤ አባትየው ደግሞ ሊባኖሳዊም አይደለም፣ የለምም። ጅማ ያለው መስኮት ደግሞ የቤሩትን ወረቀት ይጠብቃል። ልጁ በርጩማ ሥር እግር ይቆጥራል።

ዝናቡ እስኪያባራ ቁጭ ብለን አወራን። እኔም ድሮ ክፍል ውስጥ የተማርኩት ነገር ትዝ አለኝ። ዜግነት አልባነት የሚል ምዕራፍ ነበር። ፈተና ላይ ስለማይመጣ በደንብ አላነበብነውም። እንዲህ ያለ ነገር የሩቅ አገር ጣጣ ይመስለን ነበር፤ የምያንማር የሮሂንጋ ሕዝብ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በሐሳካ በተደረገ የሕዝብ ቆጠራ ዜግነታቸውን ያጡት የሶርያ ኩርዶች፣ እንዲህ ያሉ።

ስለ ዜግነት አልባ ሰዎች የወጣው እ.ኤ.አ. የ1954ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ትርጉሙን ባጭሩ ያስቀምጠዋል፦ ማንኛውም መንግሥት በሕጉ መሠረት ዜጋዬ ነው ብሎ የማይቆጥረው ሰው። “ማንኛውም” የምትለዋን ልብ በሉ። አንዱ አገር ገፍቶህ ሌላው ዜጋዬ ነህ ቢልህ ዜግነት አልባ አይደለህም። ዜግነት አልባ ማለት ሁሉም “የኛ አይደለም” ያሉት ሰው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ 4.4 ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ሰዎችን ቆጥሯል። የተቆጠሩት ናቸው። በማንም መዝገብ የሌለን ሰው መቁጠር ምን ያህል እንደሚያስቸግር አስቡት።

እዚህ ላይ የቃሉን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ዛሬ “ዜጋ” ስንል ባለመብት ማለታችን ነው። በጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች ውስጥ ግን ዜጋ ማለት በባለ ርስት ሥር የሚያድር፣ የሌላ ሰው መሬት የሚያርስ ሰው ነበር። ቃሉ ከታች ተነሥቶ ላይ ወጣ። አሁን ደግሞ እንደገና መስኮት ላይ ቆሞ ይለምናል።

ወደ ልጁ እንመለስ። ይህ ልጅ በሕጉ ዜግነት አልባ ነው? አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ወላጆቹ ሁለቱም ወይም አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። የዜግነት አዋጅ 378/1996ም ይህንኑ ይደግማል። የት ተወለደ አይልም። አባቱ የት ገባ አይልም። ልጁ ቤሩት ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ፣ በወሎዋ ልጅ እጅ ሲወለድ ያኔውኑ ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ማንም አልሰጠውም፤ ማንም ሊከለክለውም አይችልም።

ስለዚህ ጉዳይ ትንሽ እኮራለሁ፤ ይፈቀድልኝ። ዛሬም ከ20 በላይ አገሮች ውስጥ እናት ዜግነቷን ለልጇ የማውረስ መብቷ ከአባት እኩል አይደለም። አባት ከሌለ፣ ከጠፋ ወይም እሱ ራሱ ዜግነት ከሌለው ልጁ ባዶ ይቀራል። በዓለም ላይ ዜግነት አልባ ልጅ ከሚወለድባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። የኛው የ1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ ግን ያኔውኑ “አባቱ ወይም እናቱ” ብሎ ነበር።   በሕግ ጽሑፍ በኩል አንታማም።

የሚያሳማን መስኮቱ ነው። ልጁ ኢትዮጵያዊ መሆኑን የሚያሳየው ነገር ከዚህች ሴት መወለዱ ነው። ከዚህች ሴት መወለዱን የሚያሳየው የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ያንን ለማግኘት ደግሞ ከሷ መወለዱን የሚያሳይ ወረቀት አምጪ ትባላለች። ዞሮ ዞሮ እዚያው። የልደት ምዝገባ ዜግነት አይሰጥም፤ ሦስት ነገር ብቻ ይናገራል፦ መቼ፣ የት፣ ከማን። ግን “ከማን” የምትለዋ ከጠፋች አንቀጽ 6 ምን ላይ ይቆማል?

እኛ ይህን ነገር የጀመርነው ዘግይተን ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ተደነገገ፤ በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሦስት። ታዲያ የቀሩት 97ቱ እነማን ነበሩ? እንደ እኔና እንደ እናንተ ያሉ ናቸው። የኔ ልደት የት ተመዘገበ? እናቴ “የዚያ የበረዶ ዓመት፣ ቡና ሲለቀም” ትላለች። ለቀበሌ መታወቂያ ሳመለክት ሦስት ሰው መስክሮልኝ ነው ሰው የሆንኩት። የኛ ማስረጃ ሰው ነበር። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ከሆነ ወረቀቱ ይቆያል እንላለን።

ይህ ደግ ሥርዓት ነው። ግን ሰውን ከሰፈሩ ሲያወጡት ይከዳል። ሰፈሩን ይዘህ ቤሩት መሄድ አትችልም።

ፋይዳስ አለ አይደል የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው። ፋይዳ ማን እንደሆንክ ይናገራል እንጂ የየት አገር ዜጋ እንደሆንክ አይናገርም። እዚህ የሚኖር የውጭ ዜጋም ያወጣዋል። ጠቃሚ ነው፤ ግን ሌላ ጥያቄ ነው የሚመልሰው።

አሁን አንድ የድሮ ነገር ላምጣ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወደ አጂፕ በኩል ጋራዥ የነበረው ጎረቤት ነበረን። ትውልዱ አስመራ ነው። ጅማ ከመጣ ቆይቷል፤ ሚስቱ የጅማ ልጅ ናት፤ ልጁ ከኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው። አባቴን “ጋሼ” ይላል፣ እኔም አባቱን “ጋሼ” እላለሁ። አንድ ቀን ማታ ወሰዱት። ጋራዡ ታሸገ። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ድንበር። ትምህርት ቤት ልጆች ጓደኛዬን “ሻዕቢያ” ማለት ጀመሩ። እኔ አላልኩም ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን፣ ኳስ ስንጣላ፣ ብያለሁ።

ያኔ የተባረሩት በሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ግምት ወደ 75 ሺህ ይደርሳሉ። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1993 በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የሰጡ ናቸው፤ ያ ድምፅ ሌላ ዜግነት እንደመያዝ ተቆጠረባቸው። ኤርትራም በተራዋ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስወጥታለች። ሁለቱ አገሮች ያቋቋሙት የካሳ ጉዳይ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ሲወስን ነገሩን ለያይቶ አየው። በጦርነት ጊዜ በደህንነት ማጣራት ያለፉ፣ የሁለቱም አገር ዜግነት ያላቸው ሰዎች ላይ የተወሰደውን ርምጃ ተቀበለ። ያለ ማጣራት ከሰው ላይ ዜግነት መንጠቁን ግን ሕገ ወጥ አለው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ መመሪያ አወጣች፤ እዚህ የቀሩት ትውልደ ኤርትራውያን የኤርትራን ዜግነት ካልያዙ ኢትዮጵያዊነታቸውን እንዲጠብቁ መንገድ ከፈተች።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ላይ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይነጠቅም ይላል። ያኔም ይል ነበር። የወጣው በ1987 ነዋ።

በ2010 ሰላም ወርዶ አውሮፕላን ሲጀምር ያ ጓደኛዬ አስመራ ሄዶ አባቱን አገኘ። ከዚያ ደወለልኝ። ሽማግሌው ከኪሳቸው ምን አወጡ መሰላችሁ? የጅማ ቀበሌ መታወቂያ። ፎቶው ጠፍቷል፤ ማኅተሙ ግን ይነበባል። 20 ዓመት ይዘዋት ኖሩ። “ጋራዡ አለ ወይ?” ብለው ጠየቁኝ በስልክ። ፎቅ ተሠርቶበታል አላልኳቸውም። “አለ ጋሼ” አልኩ።

ከዚህ ጋር የማይለያይብኝ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለ። አኑዶ ኦቺየንግ አኑዶ የሚባል ሰው ታንዛንያ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የጋብቻውን ወረቀት ሊያስጨርስ ፖሊስ ጋ ሄደ። ሊያገባ ነው የሄደው! ፖሊስ ዜግነቱን ተጠራጥሮ ፓስፖርቱን ያዘ። በ2014 ወደ ኬንያ አባረሩት። ኬንያ “የኔ አይደለም” ብላ መለሰችው። ታንዛንያም አልተቀበለችውም። ሲራሪ በሚባለው ድንበር ላይ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ባለ ማንም የኔ በማይለው መሬት ላይ ቀረ። የልደት ምስክር ወረቀት ነበረው፤ ፓስፖርትም ነበረው። ወረቀት ያለው ሰው ነው እንግዲህ።

የጅማ ሰው ይህን ዓይነቱን መሬት ያውቀዋል። በጊቤ መንግሥታት ዘመን በአንዱና በሌላው ግዛት መካከል ሞጋ የሚሉት ማንም የማይሰፍርበት ቦታ ይተው ነበር። ከሞጋው በኋላ ቦይ፣ በቦዩ ላይ ኬላ። መንገደኛ በኬላው ገብቶ፣ ማን እንደሆነ ተናግሮ ወደ አባ ጅፋር አገር ያልፋል። ሞጋ ላይ ማንም አይኖርም፤ ያልፉበታል እንጂ። አኑዶን እዚያ ላይ ኑር አሉት።

አሩሻ ያለው የአፍሪካ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ፈረደለት። ከፍርዱ ውስጥ እኔን የያዘኝ አንድ ነጥብ ነው። መንግሥት ራሱ የሰጠው ወረቀት በእጁ ላለ ሰው “ዜጋ መሆንህን አስረዳ” አይባልም፤ “ዜጋ አይደለም” የሚለው መንግሥት ነው ማስረዳት ያለበት አለ። እኔ በዐሥር ዓመት የወረቀት ሥራ እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን ከመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬም “አምጣ” ይባላል ማለት ነው።

ስለ ስምምነቶቹ ብዙ አላሰልችም። ሰብአዊ መብትን የደነገገው እ.ኤ.አ. የ1948ቱ ሁለንተናዊ መግለጫ አንቀጽ 15 ላይ ማንኛውም ሰው ዜግነት የማግኘት መብት አለው ይላል። የ1961ዱ ስምምነት ደግሞ ዜግነት አልባነትን መከላከሉ ላይ ያተኩራል፦ አንድ ልጅ በአገርህ ተወልዶ ሌላ ዜግነት ከሌለው ያንተን ስጠው ነው ነገሩ። የአፍሪካ የሕፃናት ቻርተርም ይህንኑ ይላል። ኬንያ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩ የኑቢያ ሕዝብ ልጆች በዚሁ ቻርተር ተከራክረው እ.ኤ.አ. በ2011 ረትተዋል። በ2024 የካቲት ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ስለ ዜግነት መብትና ዜግነት አልባነትን ስለ ማጥፋት ፕሮቶኮል አጽድቀዋል። የሚፈርሙትን እናያለን።

ከሁሉ ልቤን የሚነካው ግን ስለ ተጣሉ ሕፃናት የተጻፈው ነው። ወላጆቹ ሳይታወቁ አንድ ቦታ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን የሌላ አገር ዜጋ መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር ከኢትዮጵያዊ እንደተወለደ ይቆጠራል። አዋጅ 378 ውስጥ ነው ያለው። ተመልከቱ፣ እዚህ ላይ ሕጉ ለአንድ ጊዜ አምጣ አላለም። ሕፃኑ ምንም ማምጣት ስለማይችል። ይህ ለኛ አካባቢ ሰው እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ኦሮሞ ጉዲፈቻ ይለዋል፤ አማርኛም ቃሉን እንዳለ ወስዶታል። የተወሰደ ልጅ የቤቱ ልጅ ነው። ሞጋሳም አለ፤ ከውጭ የመጣን ሰው በጎሳው ስም መቀበል። ሰው ማንም ሳይሆን እንዳይቀር የታሰበበት ነገር ነው።

እንግዲህ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ያለ ጥያቄ ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ እናቱ እጁን ይዛው የቆመች ልጅ እንዴት ይጠየቃል? ይህን ማመልከቻው ላይ ልጽፈው አስቤ ተውኩት። ማመልከቻ ላይ ብልጥ መሆን አያዋጣም። “ስለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ” ብሎ መጨረስ ነው የሚያዋጣው።

የሄድንበት መንገድ ፍርድ ቤት ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ላይ እናትነት የሚመሠረተው በመውለድ ብቻ ነው ይላል፤ ከትምህርቴ የቀረችኝ አንዷ መስመር ናት። ኦሮሚያ የራሷ የቤተሰብ ሕግ አላት፤ ቢሆንም እናት በመውለዷ እናት ናት በሚለው ላይ የሚከራከር አልገጠመኝም። የተወላጅነት ማረጋገጫ እንዲሰጣት አመለከትን። ያዋለደቻት የወሎ ልጅ ከቤሩት በዋትሳፕ ድምፅ ላከች፤ እያለቀሰች፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሳይቀር ትናገራለች። ዳኛው ድምፁን አልፈለጉትም። ዝናብ የነካው የሊሴ ፓሴ ኮፒ ግን ተቀባይነት አገኘ፤ የልጁ ስም ከእናቱ ሥር ተጽፎበታል። ምስክሮች ቀረቡ። ሦስት ቀጠሮ፣ ሦስት ወር።

አያትየው በየቀጠሮው ይመጡ ነበር። ሐጂ ናቸው፤ ነጭ ቆብ፣ አሮጌ ኮት፣ በእጃቸው ጃንጥላ። ልጁ የሳቸውን ስም ይዟል፤ የአባት ቦታ ላይ። የመጀመሪያ ቀን ስሙን ስሞላ “የአባት ስም?” አልኩ። እናትየው ዝም አለች። ሐጂ ጃንጥላቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ስማቸውን ነገሩኝ። ሌላ አላሉም።

ሰርተፍኬቱ የወጣ ቀን ሦስቱም መጡ። ወረቃ ረጋ ዸሎታ ይላል ከላይ፤ የልደት ምስክር ወረቀት ማለት ነው። የትውልድ ቦታ የሚለው ላይ ቤሩት። ዜግነት የሚለው ላይ ኢትዮጵያዊ። ሐጂ መነጽር አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩት።

“ላሚኔት አድርግልኝ።”

“ሐጂ፣ ኦርጅናሉን ላሚኔት ካደረግነው አንዳንድ ቢሮ አይቀበልም። ኮፒ ላድርግሎት።”

“እሺ፣ ዐሥር አድርግ።”

“ዐሥር? ለትምህርት ቤት አንድ ይበቃል እኮ።”

“አንተ አድርግ። አምጣ እንዳሉት እንዲያመጣ።”

መብራት ነበር፣ ተመስገን። ዐሥር አወጣሁ። አንደኛው ዞሮ ግማሹ ጠቁሮ ወጣና ጣልኩት፤ ሌላ ደገምኩ። ልጁ የተጣለውን ከመሬት አንሥቶ በርጩማው ሥር ገባ። እስክሪብቶ ሰጠሁት። ጀርባው ላይ አውሮፕላን መሳል ጀመረ፤ በመስኮቶቹ ሁሉ ሰው አድርጎ።

ሐጂ ኮፒዎቹን ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ አዩት። “ኧረ ተው፣ አምጣው!” ብለው ነጠቁት። የጠቆረውን አገላብጠው፣ በኮታቸው አቧራውን ጠረጉና ከዐሥሩ ጋር አጣጠፉት።